የሚውችዋል ፈንድ «ደርሶ መልስ» ለምን ይታገዳል?

ነገሩን ከምሳሌ እንጀምር። በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖር አንድ ታክሲ ነጂ ወገናችን ለጡረታው ብሎ ገንዘብ አጠራቅሟል እንበል። ገንዘቡ በአንድ ደላላ ቤት በተከፈተ የጡረታ ሂሳብ ውስጥ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለውን የአሜሪካ አክሲዮኖች መለኪያ በሚከተል ሚውችዋል ፈንድ ላይ ውሏል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ የኮሮና ወረርሽኝ ወሬ ገበያውን ሲንጠው ሰውየው ለሳምንታት ታገሠ። በማርች 20 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ትዕግሥቱ አለቀና «ሽጡልኝ» ብሎ አዘዘ። በእጁ የቀረው 40 ሺህ ዶላር ነበር።

በዚያ ዕለት መለኪያው የዘጋው በ2,304 ነጥብ ላይ ነው። ሰኞ ወደ 2,237 ሲወርድ ሰውየው «እንኳን ወጣሁ» አለ። ማክሰኞ ግን ገበያው በአንድ ቀን ብቻ ከ9 በመቶ በላይ ዘለለና 2,447 ላይ ዘጋ። ወገናችን ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ሐሳቡን ለውጦ ወደ ፈንዱ ለመመለስ ሲያዝ ያልጠበቀው መልስ መጣለት። ይህን ፈንድ የሸጠ ሰው 30 ቀን ሳይሞላው መልሶ መግዛት አይችልም ተባለ። የሚፈቀድለት በአፕሪል 20 ሆነ። በዚያ ዕለት መለኪያው 2,823 ደርሷል። ማክሰኞ ቢገባ ኖሮ 40 ሺሁ ዶላር 46 ሺህ ዶላር በሆነ ነበር። በድንጋጤ የሸጠበትን ኪሣራ ለራሱ እንተወው፤ የእገዳው ዋጋ ብቻ 6 ሺህ ዶላር ነው።

የታክሲ ነጂው ታሪክ የእኛ ምሳሌ ቢሆንም ቀኖቹና የገበያው ቁጥሮች እውነተኛ ናቸው። እገዳውም እንዲሁ እውነተኛ ነው፤ በታላላቆቹ የአሜሪካ ፈንዶች ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ወይም በሌላ መልክ ይገኛል። ለመሆኑ አንድ ሰው በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ሂሳብ፣ የፈለገውን በፈለገው ቀን እንዳይገዛ የሚከለክለው ማነው? በምንስ ምክንያት?

ዋጋው በቀን አንዴ ብቻ

አክሲዮን የሚገዛ ሰው በዚያች ደቂቃ ከሚሸጥለት ሌላ ሰው ጋር ነው የሚገበያየው። ሚውችዋል ፈንድ ግን ከዚህ ይለያል። ገዢው ገንዘቡን የሚሰጠው ለፈንዱ ራሱ ሲሆን ፈንዱም አዲስ ድርሻ ፈጥሮ ይሰጠዋል። ሲሸጥም ገንዘቡን የሚመልስለት ያው ፈንድ ነው። ስለዚህ ፈንዱ በየቀኑ አንድ ሂሳብ መሥራት አለበት። በእጁ ያሉትን አክሲዮኖችና ቦንዶች ዋጋ ይደምራል፣ ዕዳውን ይቀንሳል፣ የቀረውን ለድርሻዎች ቁጥር ያካፍላል። የሚወጣው የአንድ ድርሻ የተጣራ ዋጋ ነው።

ይህ ሂሳብ በአብዛኞቹ ፈንዶች የሚሠራው በኒውዮርክ ገበያ መዝጊያ ላይ፣ ማለትም በእዚያው አገር ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት (እነሱ 4 ሰዓት በሚሉት) ነው። ጠዋት ያዘዘም ሆነ ከመዝጊያው አምስት ደቂቃ በፊት ያዘዘ የሚያገኘው ያንኑ አንድ ዋጋ ነው። ከመዝጊያው በኋላ ያዘዘ ደግሞ የሚስተናገደው በማግስቱ ዋጋ ነው። ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን ከዚያ በፊት ብዙ ፈንዶች ቀድሞ በተሰላ ዋጋ ይሸጡ ስለነበር ገበያው መውጣቱን ያየ ሰው በትናንቱ ዋጋ ገብቶ ትርፉን ይዞ መውጣት ይችል ነበር። የ1968ቱ ደንብ ያንን በር የዘጋ መስሎ ነበር። ነገር ግን በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቶ ኖሯል።

ያደረ ዋጋ

ሰዓቱን በአዲስ አበባ አቆጣጠር እንመልከተው። የቶኪዮ ገበያ የሚዘጋው በእኛ ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው (እስከ ኖቬምበር 2024 ድረስ ልክ 3 ሰዓት ላይ ነበር)። የኒውዮርክ ገበያ የሚዘጋው ደግሞ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ወይም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በመካከል 14 ሰዓት ያህል አለ። የጃፓን አክሲዮኖችን የያዘ አንድ የአሜሪካ ፈንድ ማታ ዋጋውን ሲሰላ የሚጠቀመው የቶኪዮን የመዝጊያ ዋጋ ከሆነ፣ ያ ዋጋ የ14 ሰዓት ዕድሜ ያለው ያደረ ዋጋ ነው።

በእነዚያ ሰዓታት ኒውዮርክ በ2 ወይም በ3 በመቶ ብትወጣ፣ ቶኪዮም በማግስቱ ጧት ብዙውን ጊዜ ተከትላ እንደምትወጣ ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ከመዝጊያው በፊት የጃፓን ፈንድ በትናንቱ ዋጋ ይገዛል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን በአዲሱ ዋጋ ይሸጣል። ሁልጊዜ ባይሳካለትም ብዙውን ጊዜ ይሳካለታል። በንግድ ዓለም ደግሞ «ብዙውን ጊዜ» ማለት ይበቃል።

ነገሩ እህል በረንዳ ላይ ቢሆን እንዲህ ነው። አሥር ቤተሰቦች በጋራ አንድ መጋዘን ጤፍ አላቸው። ደንባቸው «በማኅበሩ መግባት የሚፈልግ በትናንቱ ዋጋ ከፍሎ ይገባል፣ መውጣት የሚፈልግም የድርሻውን በዕለቱ ዋጋ ወስዶ ይወጣል» ይላል። አንድ ብልጥ ነጋዴ ከአዳ በስልክ የጤፍ ዋጋ መወደዱን በሰማ ቁጥር ማታ ይገባል፣ ጧት ይወጣል። አንድ ኩንታል እንኳ አላመጣም፣ አልጫነም፣ አላወረደም። ትርፉ የመጣው ከአሥሩ ቤተሰቦች ጆንያ ነው።

በቁጥር ደግሞ እንዲህ ይታያል። አንድ ፈንድ 10 ሚሊዮን ድርሻዎች አሉት፣ የእያንዳንዱ ዋጋ 10 ዶላር ነው፣ ጠቅላላ ሀብቱም 100 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። የያዛቸው አክሲዮኖች በማግስቱ 2 በመቶ እንደሚወጡ ከወዲሁ ይታወቃል እንበል። ማንም ባይገባ ኖሮ የአንዱ ድርሻ ዋጋ በማግስቱ 10 ዶላር ከ20 ሳንቲም በሆነ ነበር። አንድ ተገበያይ ግን ማታውን 10 ሚሊዮን ዶላር ይዞ በ10 ዶላር ሒሳብ 1 ሚሊዮን ድርሻ ይገዛል። ገንዘቡ በአንድ ሌሊት አክሲዮን አይገዛበትም፣ በጥሬው ያድራል። በማግስቱ አክሲዮኖቹ 102 ሚሊዮን ዶላር ያወጣሉ፣ ከጥሬው ገንዘብ ጋር 112 ሚሊዮን ይሆናል። ይህ ለ11 ሚሊዮን ድርሻ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 10 ዶላር ከ18 ሳንቲም ግድም ነው። ተገበያዩ 181 ሺህ 818 ዶላር አትርፎ ወጣ። ነባሮቹ ባለድርሻዎች ደግሞ ሊያገኙት ከሚገባው ላይ ተደምሮ 181 ሺህ 818 ዶላር አጡ። የአንዱ ሲሶ የሌላው ጎዶሎ ነው፤ ሳንቲም አይዛነፍም።

ለአንድ ባለድርሻ የጎደለው ከ2 ሳንቲም በታች ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ይህ በዓመት ሠላሳ አርባ ጊዜ ሲደጋገም ግን ሌላ ነገር ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኤሪክ ዚትዘዊትዝ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁር በዚያን ዘመን ባቀረቡት ጥናት የረጅም ጊዜ ባለድርሻዎች በዚህ መንገድ በዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያጡ ገምተው ነበር። ከዚህ በተጨማሪ በድንገት የሚገባና የሚወጣ ገንዘብ የፈንዱን ሥራ አስኪያጅ ያለ ውዴታው እንዲገዛና እንዲሸጥ ወይም ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ እንዲቀመጥ ያስገድደዋል። ወጪውንም የሚከፍሉት ዝም ብለው የተቀመጡት ናቸው።

የ2003ቱ ቅሌት

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 3 ቀን 2003 የኒውዮርክ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ኤልየት ስፒትዘር ካናሪ ካፒታል ፓርትነርስ በተባለ ሄጅ ፈንድ ላይ ያቀረቡት ክስ የአሜሪካን የፈንድ ኢንዱስትሪ አናወጠው። ካናሪና ሥራ አስኪያጁ ኤድዋርድ ስተርን ጥፋታቸውን ሳያምኑም ሳይክዱም 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በክሱ ውስጥ ስማቸው የተነሣው የባንክ ኦፍ አሜሪካ፣ የጃነስ፣ የባንክ ዋንና የስትሮንግ ፈንዶች ነበሩ።

ክሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን የያዘ ሲሆን አንባቢ እንዳያምታታቸው እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከመዝጊያ ሰዓት ያለፈ ግብይት ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ ለካናሪ በኮምፒዩተር የሚሠራ መገበያያ አቅርቦለት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ድረስ በዚያው ቀን ዋጋ እንዲገዛ ፈቅዶለት ነበር። የሎተሪው ዕጣ ወጥቶ ቁጥሩ ከተነገረ በኋላ ቲኬት እንደመግዛት ማለት ነው። ይህ በግልጽ ሕገ ወጥ ነው።

ሁለተኛው ከላይ በጤፉ ምሳሌ ያየነው፣ በሰዓቱ ግን ባደረ ዋጋ ላይ የሚደረገው ቶሎ ቶሎ መግባትና መውጣት ነው። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ የነበረው ፈንዶቹ በመግለጫ ሰነዳቸው «እንዲህ ያለ ግብይት አንፈቅድም» ብለው ለሕዝብ እየነገሩ፣ ለተመረጡ ታላላቅ ደንበኞች በጓዳ በር መፍቀዳቸው ነው። ለምን ፈቀዱ ቢባል፣ እነዚህ ደንበኞች በለውጡ በሌሎች ፈንዶቻቸው ብዙ ገንዘብ ያስቀምጡላቸው ስለነበርና የሥራ አስኪያጆቹ ክፍያ የሚሰላው በሚያስተዳድሩት ገንዘብ መጠን ስለሆነ ነው።

ከሁሉ የከፋው የስትሮንግ ነገር ነበር። የኩባንያው መሥራች ሪቻርድ ስትሮንግ ደንበኞቻቸውን «ለረጅም ጊዜ አስቀምጡ» እያሉ እሳቸው ራሳቸው በገዛ ፈንዶቻቸው ውስጥ ቶሎ ቶሎ ይገቡና ይወጡ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከግል ኪሳቸው 60 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ከዚህ ሥራም ዕድሜ ልካቸውን ታገዱ። ኩባንያቸው ፈንዶቹን ለዌልስ ፋርጎ ሸጦ ከገበያ ወጣ። በዚያው ዓመት ባንክ ኦፍ አሜሪካ አብሮት ከተዋሐደው ፍሊት ጋር ሆኖ የክፍያ ቅናሹን ጨምሮ 675 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ውስጥ ገባ። በወንጀል የተከሰሰው የባንኩ ደላላ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ፍርድ ቤት ቀርቦ ከ33 ክሶች በ29ኙ ነጻ ወጥቷል። ዳኞቹ በቀሩት አራቱ ላይ መስማማት አቃታቸው።

ደላላው በመካከል

ቅሌቱ ከፈነዳ በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሣ። ፈንዱ ቶሎ ቶሎ የሚገባና የሚወጣውን ሰው ካወቀ ለምን ዝም ብሎ አያስወጣውም? መልሱ «አያየውም» ነው።

ድሮ ሰው ከፈንዱ ድርጅት ጋር በቀጥታ ሂሳብ ይከፍት ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው የሚገዛው በደላላ ቤት በኩል ነው። ደላላው የብዙ ሺህ ደንበኞቹን ድርሻ በአንድ የጅምላ ሂሳብ በራሱ ስም ይይዛል። በየቀኑ የሚገዙትንና የሚሸጡትን አቀናንሶ ለፈንዱ አንድ ቁጥር ብቻ ይልካል። ለምሳሌ በአንድ ቀን 400 ደንበኞች 9 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው ሌሎች 8 ሚሊዮን ቢሸጡ፣ ፈንዱ የሚያየው አንድ ሚሊዮን ዶላር መግባቱን ነው። ከ400ዎቹ አንዱ በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው ቢሆን በዚያ ቁጥር ውስጥ ተሸፍኖ ያልፋል። የነካናሪ መደበቂያም በከፊል ይኸው ነበር።

የአሜሪካ የሰነዶች ገበያ ኮሚሽን ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በማርች 2004 ያቀረበው ረቂቅ፣ በአምስት ቀን ውስጥ በሚሸጥ ድርሻ ላይ ፈንዶች ሁሉ በግዴታ 2 በመቶ እንዲያስከፍሉ የሚል ነበር። ብዙ ተቃውሞ ገጠመው። በማርች 2005 የጸደቀው ደንብ 22ሲ-2 ግዴታውን ወደ ምርጫ ቀየረው። የፈንዱ ቦርድ ክፍያ መጣል አለመጣሉን ራሱ ይወስናል፣ ከጣለም ከ2 በመቶ ሊበልጥ አይችልም፤ የሚጣልበትም ጊዜ ቢያንስ ሰባት ቀን መሆን አለበት። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ፈንዱ ከእያንዳንዱ ደላላ ጋር የጽሑፍ ውል መግባት አለበት። በውሉ መሠረት ፈንዱ ሲጠይቅ ደላላው የደንበኛውን የግብር መለያ ቁጥር፣ የገዛበትንና የሸጠበትን ቀንና መጠን ይሰጣል። ፈንዱ «ይህን ሰው አትሽጡለት» ሲልም ደላላው ትእዛዙን ይፈጽማል። ይህ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። «ይኼኛው ደላላ ቢያግደኝ ሌላ ጋ ሂሳብ እከፍታለሁ» ይላል። የግብር መለያ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ፈንዱ በሁለቱም ቤት ያለውን እንቅስቃሴ ጠይቆ ማገናኘት ይችላል። ለአንድ ጊዜ ሊያልፍለት ይችል ይሆናል። በተደጋጋሚ ካደረገው ግን ከአንድ ፈንድ ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላው የድርጅቱ ፈንዶች ሊታገድ ይችላል፣ ፈንዶች ማንኛውንም የግዢ ትእዛዝ ያለመቀበል መብት ስላላቸው።

በሌላ በኩል መሸጥን ማገድ አይችሉም። እ.ኤ.አ. የ1940ው የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች ሕግ፣ ከልዩ አጋጣሚ በቀር፣ ባለድርሻው «መልሱልኝ» ባለ በሰባት ቀን ውስጥ ገንዘቡ እንዲከፈለው ያዛል። እንግዲህ ቁልፉ ያለው በመግቢያው በር ላይ እንጂ በመውጫው ላይ አይደለም። ታክሲ ነጂው ወገናችን ለመውጣት ማንም አልከለከለውም። የተከለከለው መመለስ ነው።

አጥሩ ብዙ ዓይነት ነው

ክልከላው ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ቫንጋርድ ከአብዛኞቹ ፈንዶቹ የሸጠ ሰው ያንኑ ፈንድ 30 ቀን ሳይሞላው በኢንተርኔትም ሆነ በስልክ መልሶ እንዲገዛ አይፈቅድም። ቲ. ሮው ፕራይስም የ30 ቀን ዕገዳ አለው። የፊደሊቲ ስሌት የሚጀምረው ከግዢው ነው። በ30 ቀን ውስጥ ገዝቶ መሸጥ አንድ «ደርሶ መልስ» ይባላል። በ90 ቀን ውስጥ በአንድ ፈንድ ሁለት ደርሶ መልስ ያደረገ ሰው ያንን ፈንድ ለ85 ቀን አይገዛም። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ በፈንዶቹ ሁሉ ተደምሮ አራት ካደረሰ ከሁሉም ይታገዳል። ልዩነቱን ልብ ይሏል፤ በቫንጋርድ ዓይነቱ አሠራር አሥር ዓመት የያዙትን ፈንድ እንኳ ሸጠው በሳምንቱ መመለስ አይቻልም። በፊደሊቲው ግን አሥር ዓመት የያዘ ሰው ሸጦ ቢመለስ፣ የገዛው በ30 ቀን ውስጥ ስላልነበረ፣ ደርሶ መልስ አይቆጠርበትም።

ድርጅቶች እነዚህን ቀኖች አልፎ አልፎ ስለሚለውጡ ዋናው መተማመኛ የፈንዱ መግለጫ ሰነድ ነው። ከ2004 ወዲህ እያንዳንዱ ፈንድ ስለ ቶሎ ቶሎ ግዢና ሽያጭ ያለውን ፖሊሲ በዚያ ሰነድ ውስጥ እንዲገልጽ ኮሚሽኑ ያስገድዳል። ማንም የማያነበው ሁለት ገጽ ነው፤ እስኪታገድ ድረስ።

ከዕገዳው ሌላ ሁለት ክፍያዎች አሉ፣ ሰዎችም እያምታቱ ይጣላሉ። አንደኛው ከላይ ያነሣነው የፈንዱ የመውጫ ክፍያ ነው። ይህ ገንዘብ የሚመለሰው ወደ ፈንዱ ሣጥን፣ ማለትም ለቀሩት ባለድርሻዎች ነው። ካሣ ማለት ይቻላል። ሌላው ደላላው የሚያስከፍለው ነው። ደላላ ቤቶች የሌሎች ድርጅቶችን ፈንዶች «ያለ ክፍያ» ሲሸጡ፣ ገዢው ወር ሁለት ወር ሳይቆይ ከሸጠ ቅጣት ይጠይቃሉ። ለምሳሌ ፊደሊቲ በእንዲህ ዓይነት ፈንዶች ላይ በ60 ቀን ውስጥ ለሚሸጥ ደንበኛ 49.95 ዶላር ሲያስከፍል ቆይቷል። ይህኛው ለባለድርሻዎቹ አይደርስም፣ የደላላው ገቢ ነው። 100 ሺህ ዶላር ለሚያንቀሳቅስ ሰው ምንም አይደለም። 1 ሺህ ዶላር ይዞ ለጀመረ ሰው ግን 5 በመቶ ነው፣ የዓመት ትርፉን ይበላል።

በደንበኛው ላይ የማይቆጠሩም አሉ። በየወሩ ከደመወዝ በቋሚነት የሚቆረጥ ግዢ፣ የትርፍ ድርሻን መልሶ በፈንዱ ማዋልና በዕድሜ ምክንያት ከጡረታ ሂሳብ በግዴታ የሚወጣ ገንዘብ በአብዛኛው ከዕገዳው ነጻ ናቸው። ጥሬ ገንዘብ ማቆያ የሆኑት የገንዘብ ገበያ ፈንዶችም እንዲሁ። ደግሞም ፕሮፈንድስና ራይዴክስ የመሰሉ፣ ከመነሻው ለተመላላሽ ተገበያይ ተብለው የተቋቋሙ ፈንዶች ነበሩ። ወጪያቸው ከፍ ያለ ነበር።

ዋናው ማለፊያ ግን በገበያ የሚሸጥ ፈንድ፣ በምሕጻሩ ኢ.ቲ.ኤፍ. የሚባለው ነው። ይህ እንደ ማንኛውም አክሲዮን ከሌላ ሰው ላይ የሚገዛ ስለሆነ፣ የሚገባውና የሚወጣው የሌሎቹን ባለድርሻዎች ሣጥን አይነካም። ስለዚህም የደርሶ መልስ ዕገዳ የለበትም። ወገናችን ያን ማክሰኞ ዕለት ያንኑ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚከተል ኢ.ቲ.ኤፍ. በዚያው ሂሳቡ፣ በዚያችው ደቂቃ መግዛት ይችል ነበር። አልያም የሌላ ድርጅት ተመሳሳይ ፈንድ ነበረለት። «አይቻልም» የሚለው መልስ የተመለከተው አንድ ፈንድን እንጂ ገበያውን አልነበረም። 6 ሺህ ዶላሩ የሄደው ይህን የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ገንዘቡ በጡረታ ሂሳብ ሳይሆን ግብር በሚከፈልበት ተራ ሂሳብ ውስጥ ቢሆንና በኪሣራ ሸጦ ኪሣራውን ከግብር ላይ ለማስቀነስ ቢፈልግ፣ የአሜሪካ የግብር ሕግ ከሽያጩ በፊትም ሆነ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ «በመሠረቱ አንድ ዓይነት» የሆነ ሰነድ የገዛ ሰው ኪሣራውን እንዳያስቀንስ ይከለክላል። ይህ ከፈንዱ ዕገዳ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የግብር ደንብ ቢሆንም፣ ቀኖቹ ስለሚመሳሰሉ ብዙዎች አንዱን ከሌላው ይቀላቅሉታል። ፈንዱ ፈቀደልኝ ማለት ግብር ሰብሳቢው ፈቀደልኝ ማለት አይደለም።

ዕገዳው ተገቢ ነው?

በዚህ ላይ ጸሐፊው የራሱ አስተያየት አለው። የጃፓን ወይም የአውሮፓ አክሲዮን ለያዘ ፈንድ አጥሩ ያስፈልጋል። እንዲያም ሆኖ ከአጥሩ ይልቅ በሽታውን ከሥሩ የሚነካው ዋጋውን ማስተካከል ነው። ዛሬ ትላልቅ ፈንዶች ኒውዮርክ ሲዘጋ የቶኪዮን ያደረ ዋጋ እንዳለ አይወስዱም። በመካከል የተፈጠረውን የገበያ እንቅስቃሴ አስልተው «ቶኪዮ አሁን ክፍት ብትሆን ስንት ትሆን ነበር» የሚለውን ግምት ይጠቀማሉ። ዋጋው ካላደረ የሚለቀም ትርፍ አይኖርም።

የአሜሪካ አክሲዮኖችን ብቻ የያዘ ፈንድ ግን የያዛቸው አክሲዮኖች የሚዘጉት ፈንዱ ዋጋውን በሚያሰላበት በዚያው ሰዓት ነው። ያደረ ዋጋ እምብዛም የለበትም። በዚህ ላይ ለ30 ቀን በር መዝጋት የሚከላከለው የሥራ አስኪያጁን የግዢና የሽያጭ ወጪ ነው፤ እሱም በትልቅ የመለኪያ ፈንድ ውስጥ 40 ሺህ ዶላር ለሚያንቀሳቅስ ሰው ከቁጥር አይገባም። ደንቡ የተሠራው ለካናሪ ነበር፤ ዛሬ የሚይዘው ግን ብዙውን ጊዜ የደነገጠ ቆጣቢን ነው። ድርጅቶቹ «ለሁሉም አንድ ደንብ» የሚሉት ለአስተዳደር ስለሚቀላቸውና፣ እውነቱን ለመናገር፣ በ2003 ለተመረጡት በር ከፍተው ከተዋረዱ በኋላ ልዩነት ማድረግን ስለሚፈሩ ነው። በዚህኛው አይፈረድባቸውም።

የእኛ አገርስ?

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሥራውን በይፋ ጀምሯል፤ በገበያው የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ሆኗል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013ም የብዙ ሰዎችን ገንዘብ አሰባስበው በጋራ የሚያውሉ የኢንቨስትመንት ፈንዶችን በወሰኑ ውስጥ አካትቷል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ፈንድ በአገራችን በስፋት ሲሠራ ከቶኪዮ የሚብስ ያደረ ዋጋ ሊገጥመው ይችላል። የቶኪዮ ዋጋ ቢያረጅ 14 ሰዓት ነው። በአዲስ ገበያ ግን አንድ አክሲዮን ቀናት ወይም ሳምንታት ሳይሸጥ ሊቆይ ይችላል፣ የመጨረሻው ዋጋም ያን ያህል ዕድሜ ይኖረዋል። በመካከሉ ባንኩ የዓመት ትርፉን ቢያሳውቅና ትርፉ ከተጠበቀው በእጥፍ ቢበልጥ፣ ዜናውን በሰዓቱ የሰማ ሰው በሦስት ሳምንት ዋጋ ወደ ፈንዱ ሊገባ ነው።

ስለዚህ ፈንድ ሊያቋቁም የሚነሣም ሆነ በፈንድ ውስጥ ገንዘቡን ሊያስቀምጥ የሚያስብ አንባቢ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉት። ለብዙ ቀን ያልተሸጠ አክሲዮን ዋጋ የሚሰላው በማን፣ በምን መንገድና በየስንት ቀኑ ነው? የመግቢያው ዋጋ የሚወሰነው ትእዛዙ ከመድረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ድርሻው በደላላው ስም በጅምላ የሚያዝ ከሆነ፣ ማን ስንት ጊዜ እንደገባና እንደወጣ ፈንዱ የሚያይበት ውል አለው? አሜሪካኖቹ ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሟላ መልስ ሳይሰጡ ነው 2003 ላይ የደረሱት።